ባትሪውን ከመቀየርዎ በፊት

ባሌ ሮቤ ላይ መኪና ያለው ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ጥርት ብሎ ይበርዳል፤ ሲነጋ ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል፤ ከየግቢው ደግሞ እያቃሰተ አልነሳ የሚል መኪና ይሰማል። የጎረቤት ፍርድ አንድ ነው፦ «ባትሪው ሞቷል፤ ቀይረው!»

እኔ ይህን ፍርድ ቸኩዬ አልቀበልም። ብርድ በባትሪው ውስጥ ያለውን ኬሚካዊ ሂደት ያዘገያል፤ የሞተር ዘይቱንም ያወፍራል። ስለዚህ ሞተሪኖው ብዙ ጉልበት በሚፈልግበት ሰዓት ባትሪው የሚሰጠው ጉልበት ያንሳል። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጎባ ከእርሷም ከፍ ትላለች፤ ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚያሻግረው የሳነቴ አምባ ደግሞ 4,000 ሜትር ይደርሳል። ቆላ ላይ ድካሙን ደብቆ የኖረ ባትሪ እዚህ ይጋለጣል።

አምና ትንሹ ልጃችን ሌሊቱን ትኩሳት ሲያጣድፈው አደረ። ጎህ ሲቀድ ወደ ጎባ ሐኪም ዘንድ ልንወስደው ስንነሳ መኪናው እምቢ አለ። በጎረቤት መኪና ካቦ ቀጥለን አስነሳነውና ደረስን፤ ልጁም ተሻለው። ከሰዓት በኋላ አንድ ባትሪ ሻጭ አዲስ እንድገዛ አጥብቆ መከረኝ። የኛ ባትሪ ግን ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ሞተሩ እየሠራ በቴስተር ብለካው 12.3 ቮልት ብቻ አሳየኝ። ባትሪው እየተሞላ አልነበረም ማለት ነው። የዲናሞው ቺንጋ ላልቶ ይንሸራተት ነበር። ቺንጋው ተቀየረ፤ ያው ባትሪ ዛሬም ያስነሳናል። አዲስ ገዝተን ቢሆን ኖሮ እርሱም በቀናት ውስጥ ባዶ ይሆን ነበር።

እርስዎም አንድ ቴስተር ቤትዎ ይኑር። መኪናው አድሮ፣ ጠዋት ሳያስነሱት ይለኩ፤ 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው፣ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ነው፣ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ሊባል ይችላል። ከዚያ አንድ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ቁጥሩን ይመልከቱ፤ የተሞላ ባትሪ ሆኖ ከ9.6 በታች ከወረደ በእርግጥ ደክሟል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ በአብዛኛው መኪና ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ከ13 በታች ከሆነ ዲናሞውን ወይም ቺንጋውን፣ ከ15 በላይ ከሆነ የዲናሞውን መቆጣጠሪያ ያስፈትሹ። ሁሉም ደህና ሆኖ ባትሪው እያደረ የሚባክን ከሆነ ሌሊት ሳይጠፋ የሚቀር መብራት ወይም የተጨመረ ዕቃ ይፈልጉ። በባትሪው ራስ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካዩም መጀመሪያ ኔጌቲቩን ፈትተው ያጽዱ፤ አንዳንዴ በሽታው ይኸው ብቻ ነው።

ቤተሰብ ይዘው ቀይ ቀበሮ ለማየት ወደ ሳነቴ የሚወጡ ከሆነ ይህን ምርመራ ሮቤ ወይም ጎባ ሳሉ ይጨርሱ። አምባው ላይ ጋራዥ የለም፤ ሌሊቱም ከዜሮ በታች ይወርዳል። ለቴስተሩ የሚያወጡት ገንዘብ ከአዲስ ባትሪ ዋጋ ጋር አይወዳደርም፤ ልጆችን ብርድ ላይ ከማሳደር ጋርማ ጨርሶ አይነጻጸርም።