የነሐሴ ትምህርት ቤት

ነሐሴ ሲመጣ ጆሮዬ ወደ ወሎ ያዘነብላል። የፍልሰታ ጾም በ16 ሲፈታ በዋግ «ሻደይ»፣ በላስታ «አሸንድዬ»፣ በራያ ቆቦ «ሶለል» ይባላል። ስሙ ይለያይ እንጂ ልጃገረዶች ለምለም ረጅም ሣር ወገባቸው ላይ አሥረው፣ ከበሮ እየመቱ የሚጨፍሩበት በዓል ነው።

ለእኔ ይህ በዓል ትምህርት ቤትም ነው። ታላቅ እኅት ታወጣለች፣ ታናሽ ትቀበላለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተቀባይዋ በተራዋ አውጪ ትሆናለች። ደብተር የለ፣ ደወል የለ!

አሁን አሁን በዓሉ ወደ መድረክ እየወጣ ነው። ድንኳን ይተከላል፣ እንግዳ ይጋበዛል፣ ንግግር ይደረጋል። መድረክ ክፉ ነው አልልም፤ ለከተማው ገበያ ያመጣል፣ ልጆቹንም ያኮራል። ነገር ግን መድረክ የሚፈልገው የሚችሉትን ነው። ገና ስትቀበል የምትንተባተበዋ የሰባት ዓመት ልጅ የት ትቁም?

ይህን ጥያቄ ያነሣብኝ የሐይቅ እስጢፋኖስ ጎረቤት አምባሰል ነው። ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ፣ እንደ ባቲ ሁሉ፣ በወሎ ምድር ስም ይጠራል፤ ማሪቱ ለገሰን የሰማ ሰው አምባሰል እንዴት አንጀት እንደሚበላ አይጠፋውም። ሥነ ቃል በማስተምርበት ዘመን አንድ የአምባሰል ልጅ ክረምቱን ከቀዬው ግጥም ሰብስቦ መጣ። ደብተሩ ሙሉ ነው። «እስቲ አንዱን አዚምልን» አልኩት።

«መምህር፣ ዜማውን እናቴ ናት የምታውቀው» አለና አንገቱን ደፋ።

ክፍሉ ሳቀ፤ እኔን ግን ሳቁ እንቢ አለኝ። ግጥሙ ደብተር ውስጥ ገብቷል፤ ዜማው ከአንዲት እናት ጋር ቀርቷል።

ስኮትላንዶችም ይኸው ሥጋት ይዟቸው ነበር። ባራ በምትባል ደሴት እ.ኤ.አ. በ1981 የአካባቢው ሰዎች «ፌሽ» የተባለ በዓል ጀመሩ። ቃሉ በጌሊክ ቋንቋ በዓል ማለት ነው፤ ዋና ሥራው ግን ልጆችን ሰብስቦ የአገራቸውን ሙዚቃ ማስተማር ሆነ። ከዚያም ወደ ሌሎች ቀዬዎች ተዛመተ።

እኛስ? በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ላሊበላና ቆቦ በጦርነት ውስጥ ነበሩ፤ በ2014 ጦርነቱ ሐይቅ ደረሰ። እንዲህ ባለ ጊዜ መድረክ አይተከልም። የሚተርፈው ልጅቱ በጆሮዋ የያዘችው ነው።

ሐይቅ ለትምህርት እንግዳ አይደለም፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዛሙርት ያፈሩበት ምድር ነው። ክረምት ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ፣ ክፍሉ ለአንድ ሳምንት ለእናቶችና ለማሲንቆ ተጫዋቾች ቢሰጥ ምን ይጎዳል? መድረኩ በሳምንቱ መጨረሻ ይምጣ። እንግዶቹም ያቺ ትንሿ ልጅ እስክትቀበል ትንሽ ይታገሡ።