ጥቅምት ናይሮቢ ላይ ሌላ ወር ነው

በጥቅምት መጨረሻ የናይሮቢ መጠጥ ቤቶችና የገበያ ማዕከላት ዱባ ቦርቡረው፣ የውሸት የሸረሪት ድር ዘርግተው ሃሎዊንን ያከብራሉ። ስልካችንም በዚያ ሰሞን ስለ «ጥንታዊ መንፈሳዊ ጥበብ» በሚያወሩ ሰዎች ይሞላል፦ በሕያዋንና በሙታን መካከል ያለው መጋረጃ ይሳሳል፣ ሻማ አብሩ፣ ወደ ውስጣችሁ ተመልከቱ።

የዚህ ሁሉ ሥር ሳዊን የሚባለው የጥንት ኬልቶች በዓል ነው። አየርላንድና ስኮትላንድ ውስጥ አዝመራው ገብቶ፣ ከብቱ ከተራራ ግጦሽ ወርዶ፣ የዓመቱ ጨለማ እኩሌታ የሚጀምርበት ሌሊት ነበር። (ዱባው አሜሪካ ላይ የተጨመረ ነው።) ለዚያ አገር ልክ ነው፤ ብርዱ ይገድላል፣ ሰው ሙታኑን ቢያስብ አይደንቅም። ናይሮቢ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። ቀኑ ክረምት ከበጋ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። የሚገባ ጨለማ የለም። በጥቅምት መጨረሻ እዚህ የሚጠበቀው ዝናብ ነው።

እዚህ ያለን ኢትዮጵያውያንም ብንሆን አቆጣጠራችንን ይዘን ነው የመጣነው። መስከረም ሲጠባ ክረምቱ ወጣ እንላለን፤ እዚህ ግን ገና ደመናው አልተሰበሰበም። ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ ሲከበር እርጥብ ሣር ተይዞ ምስጋና የሚቀርበው ክረምቱን በሰላም ላሻገረ ዋቃ ነው። ናይሮቢ ያሉ ኦሮሞዎችም ያከብሩታል፤ በዚያው ሰሞን የአገሩ ገበሬ ዝናቡ መቼ ይመጣል እያለ ሰማይ ያያል። ኅዳር ላይ የእኛ አገር ሰው ሲያጭድ የኬንያው የኪኩዩ ገበሬ ያርማል።

ኪኩዩዎች ዓመቱን የሚከፍሉት በሁለት ዝናብ ነው፤ ረጅሙን በንጃሂ፣ በአደንጓሬ መሰሉ ጥራጥሬ፣ አጭሩን የጥቅምቱን በምዌሬ፣ በዘንጋዳ መሰሉ እህል ይጠሩታል። ዝናቡ ሲቀር ሽማግሌዎች ሙጉሞ በሚባለው ዛፍ ሥር ተሰብስበው፣ ፊታቸውን ወደ ኪሪኛጋ፣ ማለትም ወደ ኬንያ ተራራ አዙረው፣ ጠቦት አርደው አምላካቸውን ንጋይን ይለምናሉ። ጆሞ ኬንያታ በ1938 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ሥርዓቱን በዝርዝር ጽፎታል። ሙጉሞ የዋርካና የሾላ ዘመድ ነው፤ ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲያነብ «አድባር!» ቢል አልፈርድበትም።

ጥበብ የሚለውን ቃል ከተጠቀምን አይቀር፣ እኔ የማውቀው ምርጥ ማስረጃ የዋንጋሪ ማታይ ነው። ኒየሪ ውስጥ በልጅነቷ እናቷ ከሙጉሞ ሥር ማገዶ እንዳትለቅም ይከለክሏት ነበር፤ የእግዚአብሔር ዛፍ ነውና። ከዛፉ አጠገብ ምንጭ ይፈልቅ ነበር። አሜሪካ ተምራ ስትመለስ ዛፉ ተቆርጦ ሻይ ተተክሎበታል፣ ምንጩም ደርቋል። የዛፉ ሥር ዓለቱን ሰንጥቆ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ እንደሚወርድ፣ ውኃውም በዚያው ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ አፈሩም እንዳይናድ እንደሚይዘው የተረዳችው በኋላ ነው። እናቷ ይህን በሳይንስ ቋንቋ አላስረዷትም። አትንኪው አሏት፣ በቃ። በ2004 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘችው ሴት ዛፍን ማክበር የጀመረችው ከዚህ «አትንኪው» ነው።

ናይሮቢ ውስጥም ዋያኪ ዌይ ዳር አንድ ትልቅ ሙጉሞ አለ። ለ27 ኪሎ ሜትሩ የፈጣን መንገድ ሲባል ሊነሳ ነበር፤ ሰው ጮኸ፣ በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. በፕሬዚዳንት ትእዛዝ ተረፈ። ፕሬዚዳንቱ ኡሁሩ ኬንያታ፣ ስለ ሙጉሞ የጻፈው የጆሞ ልጅ ነበሩ። ደስ ይላል፤ ግን ለዚያው መንገድ ሌሎች ብዙ ዛፎች ያለ ምንም ሥርዓት ወድቀዋል። አንድ ዛፍ አትርፎ ፎቶ መነሣት ቀላል ነው።

እኔ ጠቦት እንረድ አላልኩም፤ የራሴ ሃይማኖት አለኝ። ግን «ባዕድ አምልኮ» የምትለው ቃል አገራችን ውስጥ ብዙ ዋርካ ቆርጣለች። ቅቤ ስለ ተቀባ፣ ፈንድሻ ስለ ተበተነበት፣ ቡና ስለ ተፈላበት ብቻ መጥረቢያ የቀረበበት አድባር ስንቱ ነው! የሚገርመው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያለውን ጽድና ወይራ የሚሳሳለት ሰው ራሱ ነው የሚቆርጠው። የቅጥሩ ደን የተረፈው በዚያው በ«አትንካ» ነው፤ ሰሜን ሸዋ ይሁን ደቡብ ጎንደር፣ ዙሪያው ሲራቆት አረንጓዴ ሆኖ የቀረው እሱ ነው። የጌዴኦ የተከበሩ ደኖችም ያሉበት ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የዱባ ጭንብል ገዝቶ የአየርላንድን ሌሊት የሚያከብር፣ የገዛ መንደሩን አድባር ግን የሚያፍርበት ሰው ግራ ያጋባኛል።

በሰፈራችሁ ወይም በአያቶቻችሁ አገር የነበረ አድባር ካለ፣ የት እንደነበረና ምን ዛፍ እንደነበረ ከታች ጻፉልኝ። የተቆረጠ ከሆነም በቦታው አሁን ምን እንዳለ ጨምሩበት።