«ቋ» የምትለው ብስክሌታችን

ብስክሌታችን ሁለት ባለቤት አላት። ሁለታችንም ሴቶች ነን፣ ሁለታችንም ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በጋዜጠኝነት ተመርቀናል፣ ቀበሌ 14 ውስጥ አንዲት ክፍል ቤት ለሁለት ተከራይተናል፣ ሁለታችንም ቋሚ ሥራ የለንም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እኛ» ስንል የርእሰ አንቀጽ ልማድ ይዞን አይደለም፤ በእርግጥም ሁለት ስለሆንን ነው። ከሁለታችን አንዷ የወደቀችበት ቦታ ላይ እንደርሳለን። ማን እንደወደቀች ግን አንናገርም። ተማምለናል።

ነገሩ የጀመረው በባጃጅ ሒሳብ ነው። ጠዋት በባጃጅ ወጥተን ማታ በባጃጅ ስንመለስ፣ ለትርጉምና ድምፅ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ከሚከፈለን ላይ ትልቁን የሚበላው እሱ ሆኖ አገኘነው። ባጃጅ የማይሠራበት ቀን ደግሞ ያው በእግር ነው። ባሕር ዳር ለጥ ያለ ሜዳ ላይ የተቀመጠች፣ ከድሮም የብስክሌት ከተማ ናት። እናላችሁ፣ ዘጠኝ ዘጠኝ ሺህ ብር አዋጥተን ከአንድ የሆቴል ጥበቃ አንዲት ያገለገለች ብስክሌት ገዛን።

ተራ ብስክሌት እንዳትመስላችሁ፤ የጉዞ ብስክሌት ናት። ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አላት። መሪዋ እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች ተጠምዟል። እንዲህ ያሉት ወደ ከተማችን የሚመጡት በጎማቸው ነበር። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን ሲነዳ የነበረው «ቱር ዳፍሪክ» የሚባለው ጉዞ በሱዳን በኩል መተማ ገብቶ፣ ጎንደርንና ባሕር ዳርን አልፎ ወደ አባይ በረሃ ይወርድ ነበር። በግላቸው የሚጓዙም ነበሩ። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ያ መንገድ ተቆረጠ። የእኛዋ ከዚያ በፊት የገባች ናት። ፈረንጁ እዚህ ሲደርስ ጉልበቱን አሞት፣ ብስክሌቷን ለጥበቃው ሰጥቶ በአውሮፕላን ተመለሰ አሉን።

«ትንሽ ድምፅ አላት እንጂ ጤነኛ ናት» አለን ጥበቃው። አራት ዓመት ሙሉ ጥያቄ አጠያየቅ የተማርን ሰዎች «ምን ዓይነት ድምፅ?» ብለን አልጠየቅነውም።

ድምፁ «ቋ» ነው። ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር አንድ «ቋ»፤ ሁልጊዜ የግራ እግር ወደ ታች ሲረግጥ። በመጀመሪያው ሳምንት ካቴናው ደርቆ ነው ብለን የምግብ ዘይት ቀባነው (አትሳቁ፤ ቤት ውስጥ የነበረው ዘይት እሱ ነው፣ ዋጋውንም ታውቁታላችሁ)። ካቴናው አቧራ ሰብስቦ ጠቆረ፣ «ቋ» ግን እንዳለ ቀረ። በሁለተኛው ሳምንት ጥፋተኛዋ ኮርቻዋ ናት ተባለ። በሦስተኛው፣ ፔዳሉን የሚይዘው ክንድ፣ ክራንክ የሚሉት፣ በእጅ ሲይዙት ትንሽ እንደሚነቃነቅ አየን። ብሎኑን በፒንሳ ጠበቅ አደረግነው። ሁለት ቀን ዝም አለች፤ በሦስተኛው «ቋ»። እንደገና ፒንሳ። የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ «አጎቴ እንዲህ ነው የሚያደርገው» ብሎ በመዶሻ ሁለቴ መታልን። እንዲህ እያልን ሁለት ወር ነዳናት።

ለምን ሠሪ ጋ አልወሰዳችኋትም ትሉን ይሆናል። እውነቱን እንናገር። በገዛናት ሳምንት ጎማዋን ለማስነፋት አንድ ቦታ ቆመን ነበር። እዚያ የተቀመጡት ወንዶች ለሁለት አንድ ብስክሌት የገዛን መሆናችንን ሲሰሙ ተሳሳቁ፤ አንዱ «ማን ነው ከኋላ የሚታዘለው?» አለ። ሌላም አለ፣ እሱን አንጽፈውም። ነፍተን ሄድን። ከዚያ በኋላ «ቋ» ባለች ቁጥር አንዳችን «ዛሬ እንውሰዳት?» ስትል ሌላዋ «ነገ» ትላለች። ድምፁን ለመድነው። አንዳንድ ቀን እንደውም ቆጠራ እንጫወትበት ነበር፤ ከቤት እስከ ፔዳ ግቢ ስንት «ቋ» ነው እያልን።

አሁን መውደቁ ላይ ደርሰናል።

ከሁለታችን አንዷ ለሕዝብ ግንኙነት ሥራ ፈተና ተጠራች። ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ከአባይ ማዶ። ደሞዙ የሁለት ክፍል ኪራይ ይሸፍናል፤ ማታውን በየትኛው ክፍል ማን እንደምትተኛ ሳይቀር ተከፋፍለን ነበር። ጠዋት ልጅቷ ባለ ተረከዝ ጫማዋን ከኋላ መጫኛው ላይ አስራ ወጣች። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ ለብስክሌትም የራሱ መስመር አለው። ያ መስመር ባይኖር ይህንን ጽሑፍ ምናልባት አንዳችን ብቻ ትጽፈው ነበር። ድልድዩ መሃል ላይ፣ ለመፍጠን ግራ እግሯን ጠንከር አድርጋ ስትረግጥ፣ ክራንኩ ከነፔዳሉ ወልቆ ወደቀ። የሚረገጥ ነገር የጠፋው እግር አስፋልቱን መታ፣ ከዚያ ጉልበት፣ ከዚያ ክርን። አጠገቧ በመኪናው መስመር አንድ ሲኖ ትራክ አለፈ።

3 ሰዓት ከ40 ላይ ብስክሌቷን እየጎተተች፣ ክራንኩን በእጇ ይዛ ደረሰች። ፈታኞቹ መጀመሪያ ክራንኩን አዩ፣ ከዚያ ጉልበቷን፣ ከዚያ ሰዓታቸውን። ሥራውን አጣን።

ያን ማታ ተጣላን። አንዳችን «ነግሬሽ ነበር» አለች፣ ሌላችን «መቼ?» አለች። ማን መጨረሻ ፒንሳ እንደያዘች፣ ማን «ነገ» እንዳለች፣ ሁሉም ተቆጠረ። ሦስት ቀን በአንድ ክፍል ውስጥ «ጨው አቀብይኝ» እንኳ ሳንባባል ኖርን። በአራተኛው ቀን ጉልበቷ ስላበጠ እሷ መግፋት አልቻለችም፤ ያልወደቀችው ብስክሌቷን፣ የወደቀችው ክራንኩን ይዛ ወጣን። ሁለታችንም ያወራነው የመጀመሪያው ነገር «የት እንውሰዳት?» የሚል ነው።

ያገኘናቸው ሰው በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ አንድ ዛፍ ሥር በሳጥን ዕቃ የሚሠሩ ናቸው። አልሳቁም። ክራንኩን ተቀብለው ቀዳዳውን ወደ ፀሐይ አዞሩና ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ስንት ጊዜ ነዳችኋት እንዲህ ሆና?»

«ሁለት ወር ይሆናል፣ ጋሼ።»

«ኧረ ልጆቼ!» አሉ።

ከዚያ አስተማሩን። ከዘንጉ ጫፍ ጀመሩ። ዘንጉ ከጠንካራ ብረት የተሠራ ነው፤ ጫፉ አራት ጠፍጣፋ ጎን አለው፣ እያንዳንዱ ጎን ደግሞ ወደ ጫፉ 2 ዲግሪ ያህል እየቀጠነ ይሄዳል። የክራንኩ ቀዳዳም በዚያው ልክ የተሠራ ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ ክራንኩን በዚያ ሽብልቅ ላይ እየገፋ ያወጣዋል፤ የሚይዘው እንግዲህ ያ መጣበቅ ነው፣ ብሎኑ ገፊ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ብሎኑን ስናባብል ነበር። ክራንኩ አሉሚኒየም ነው። አንዴ ከላላ በእያንዳንዱ እርግጫ ይወዛወዛል፤ ብረቱ ዘንግ በአራቱ ማዕዘኑ ለስላሳውን አሉሚኒየም ይበላዋል። ያ «ቋ» የመበላቱ ድምፅ ነበር። ቀዳዳው አንዴ ከተበላ በኋላ የፈለጋችሁትን ያህል ብታጠብቁት ከአንድ ቀን በላይ አይዝም።

የመዶሻውን ነገር ስንነግራቸው ግን ልጁን አልሰደቡትም። በድሮዎቹ የቻይናና የህንድ ብስክሌቶች ክራንኩ የሚያዘው ከጎን በሚገባ ሽብልቅ መሰል ፒን ነው፤ እሱ በእርግጥም በመዶሻ ነው የሚገባው። የልጁ አጎት ለራሱ ብስክሌት ትክክል ነበር። ለእኛዋ ነው ያልሆነው።

«መጀመሪያ ቀን ብትመጡ» አሉ «የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። ጠርጌ፣ አጥብቄ፣ ሂዱ ነበር የምላችሁ።» ይህን ሲሉ አልተቆጡም። ቢቆጡን ይሻለን ነበር።

ስትገዙም እንዲህ አድርጉ ብለው አሳዩን፤ ያገለገለ ብስክሌት ለመግዛት ያሰባችሁ ይህቺን ያዙ። ሁለቱን ክራንኮች በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ወደ ጎን ወዝውዙ። ሁለቱም አብረው ከተነቃነቁ ችግሩ ከመሃል ያለው ኩሽኔታ ነው። አንደኛው ብቻ ከተነቃነቀ ክራንኩ ነው። ብዙ ጊዜ የሚላላው የግራው ነው አሉ። አሥር ሰከንድ አይፈጅም። 18 ሺህ ብር ስንቆጥር ግን ከዚህ በላይ ፈጅቶብናል።

አሁን ሌላ የግራ ክራንክ ሊገኝ ነው። ከአንድ የቢራ ጣሳ ቆርቆሮ ቆርጦ በቀዳዳውና በዘንጉ መካከል ማስገባት እንደሚቻል ነገሩን፤ «ቤት ያደርሳችኋል፣ ሥራ ግን አያደርሳችሁም» አሉ። እኛም ሥራ የሚለው ቃል ሲነሳ ጉልበታችንን አየን። በማግስቱ ሳጥናቸውን ገለበጡ። የክራንኩ ርዝመት ከጀርባው ተጽፎ ይገኛል፤ የእኛ 170 ይላል፣ ሚሊ ሜትር ነው። ከሁለቱ አንዱ ቢረዝም አንድ እግር ትልቅ ዙር፣ አንድ እግር ትንሽ ዙር ይዞራል። ከብዙ ቁርጥራጭ መካከል ባለ 170 አንድ ተገኘ። ጥቁር ነው። የቀኙ ብርማ ነው። አልተከራከርንም።

ፔዳሉን ከአሮጌው ክራንክ ላይ ለመፍታት አብሯቸው የሚሠራው ልጅ እንደማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ሊያዞር ታገለ፤ የባሰ ጠበቀ። የግራ ፔዳል ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው፣ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። እኛም ልጁም በአንድ ጊዜ ተማርነው። ዘንጉ በጨርቅ ተጠረገ፣ ክራንኩ ገባ፣ ብሎኑ በ14 ቁጥር መፍቻ ጠበቀ። «በፒንሳ የሚጠብቅ መስሏችሁ ነው?» ብለው መፍቻውን አቀበሉን። እጀታው 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ጫፉ ላይ 16 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ነገር የተንጠለጠለ ያህል መጫን አለባችሁ። ግማሽ ኩንታል ጤፍ ለሁለት የተሸከምን ሰዎች ስለሆንን የኪሎውን ስሜት እናውቀዋለን። በየተራ ጫንን።

የሥራውን ሲቀበሉን የክራንኩን ዋጋ ተዉልን። ለመፍቻው ግን ገንዘብ አስወጡን፤ ሂዱና የራሳችሁን ግዙ፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳችሁ በኋላ እንደገና ፈትሹት አሉን። አዲስ የገባ ክራንክ ሲቀመጥ ትንሽ ሊሰጥ ይችላል።

በሳምንቱ እሁድ በየተራ እየነዳን፣ አንዷ ስትነዳ ሌላዋ እየሮጠች (ጉልበቱ ድኗል)፣ ወደ ቤዛዊት አቀበት ወጣን። አፋፉ ላይ ወንዙን ከሥራችን እያየን ቁጭ አልንና መፍቻውን አወጣን። ብሎኑ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ የአንድ ዙር ስምንተኛ ያህል። ከዚያ ቆመ። ስንወርድ ሁለታችንም ጆሯችንን አቁመን ነበር። ካቴናው ብቻ ይሰማል።

ሐሙስ ሌላ ፈተና አለ፤ ሁለታችንም ተጠርተናል፣ ለአንድ ቦታ። ብስክሌቷን ማን እንደምትወስድ ገና አልተስማማንም።