ከማዕበሉ ፊት የቆመው ግንብ

ወንዝ ወደ ባሕር ይወርዳል እንጂ ባሕር ወደ ወንዝ አይወጣም ብለን ነው ያደግነው። በምሥራቅ ቻይና የሚገኘው የቺየንታንግ ወንዝ ግን ይህን አባባላችንን የሚያፈርስ ነው። የሃንግዦው ባሕረ ሰላጤ እንደ ጥሩምባ ነው፤ በባሕሩ በኩል ያለው አፉ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሰፋ፣ ወደ ወንዙ ሲጠጋ እየጠበበ ይሄዳል። ሥሩም በደለል ከፍ ያለ ነው። በመሆኑም የባሕሩ ሙላት በዚያ ጠባብ በር ሲገፋ ውሃው መሄጃ አጥቶ እንደ ግድግዳ ይቆምና ወንዙን ሽቅብ ይጋልበዋል። ይህ የሚበረታው ጨረቃ ከሞላች በኋላ ባሉት ቀናት ሲሆን፣ በቻይናውያን የጨረቃ አቆጣጠር የ8ኛው ወር 18ኛው ቀን ከሁሉም የታወቀው ነው። ወራቱን በጨረቃ ለምንቆጥር ለእኛ ነገሩ ከቶ እንግዳ አይደለም፤ ጨረቃም ባሕርም የአላህን (ሱ.ወ.) ትእዛዝ ይፈጽማሉና።

ውድ አንባብያን፣ ለመምህራን በተዘጋጀ አጭር ሥልጠና ወደ ሃንግዦው በሄድንበት ወቅት የጎበኘነው ግንብ ከዚህ ወንዝ ዳር በኮረብታ ግርጌ የቆመ ነው። ስሙ ሊዩሄ ይባላል፤ ትርጉሙም «ስድስቱ ስምምነቶች» ማለት ነው። የቡድሃ መነኮሳት በአንድነት ሲኖሩ በአካል፣ በአንደበት፣ በልብና በመሳሰሉት ስድስት ነገሮች እንዲስማሙ ከሚያስተምረው ሥርዓታቸው የተወሰደ ነው።

ግንቡን እ.ኤ.አ. በ970 ያሠራው የዉዩዌ ንጉሥ ቺየን ቹ ነበር። ዓላማውም ማዕበሉን ጸጥ ማሰኘት ነበር። ከእርሱ በፊት አያቱ ቺየን ሊዩ በ910 በቀርከሃ ቅርጫት ድንጋይ እየሞላ የመከላከያ ግድብ አሠርቷል። የአገሩ ሰው ግን ከግድቡ ይልቅ ንጉሡ ቀስተኞቹን አሰልፎ ማዕበሉን በፍላጻ አስወጋ የሚለውን ተረት አብልጦ ይተርካል። የልጅ ልጁ በ978 መንግሥቱን ያለ ጦርነት ለሶንግ ነገሥታት አስረከበ። ግንቡ በ1121 በዐመፅ ጊዜ ወደመ፤ በዚያው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግን በጡብ እንደገና ተሠራ። ዛሬ ከውጭ የሚታየው የእንጨት ጣሪያ በ1900 የተሠራ ነው። ስምንት ማዕዘን ያለው ሲሆን ቁመቱ ወደ 60 ሜትር ይጠጋል። ከውጭ ሲቆጥሩት 13 ፎቅ፣ ከውስጥ ሲወጡት ግን 7 ብቻ ነው።

ከበሩ ስንደርስ ከመካከላችን በዕድሜ የሚያንሰው ወንድማችን ቆም አለና፣ «ኡስታዝ፣ ይህ የጣዖት ቤት አይደለም ወይ? እንዴት ብለን እንገባለን?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ሙስሊም የሌሎች እምነት ተከታዮች ቤተ አምልኮ ስለመግባቱ ዑለሞች የተለያየ አስተያየት አላቸው። በዕድሜ የሚበልጡን ባልደረባችን፣ «ልጄ፣ የመጣነው ልናይ እንጂ ልንሰግድ አይደለም። ዛሬ ይህ ቲኬት ተቆርጦ የሚገባበት የታሪክ ቅርስ ነው። ልብህ ካልፈቀደ ግን እዚህ ጠብቀን፤ ማንም አይወቅስህም» አሉት። እርሱም ከወንዙ ዳር ቀረ፤ እኛ ወጣን። እርሱ እኛን አላከረረም፣ እኛም እርሱን «አክራሪ» አላልነውም። ስለ ስድስት ስምምነቶች በሚናገር ግንብ ሥር፣ እኛ በአንዱ እንኳ ሳንጣላ መለያየታችን መልካም ነበር።

በውስጡ ያየነው በጡብ ላይ የተቀረጹ አበቦችን፣ አዕዋፍንና እንስሳትን ነው። ከላይኛው ፎቅ ሲታይ ወንዙ ሰፊና ቡናማ ነው። አስጎብኚያችን እንደነገረችን በጥንት ዘመን በግንቡ ላይ ፋኖስ ይበራ ነበር፤ በሌሊት የሚቀዝፉ መርከበኞችም በእርሱ አቅጣጫቸውን ይለዩ ነበር። ይህን ስንሰማ አሰብን። ግንቡ ማዕበሉን አላቆመም፤ ማዕበሉ ዛሬም በየጊዜው ይመጣል። በጨለማ የጠፋውን መርከበኛ ግን መርቶታል። የሠሪዎቹን እምነት አንጋራም፤ ለሰው ነፍስ መትረፍ የዋለን መብራት ግን አናናንቅም።

ስንወርድ ወንድማችንን ትልቁን ድልድይ ሲመለከት አገኘነው። ከግንቡ አጠገብ የሚሻገረው ይህ ድልድይ ከላይ መኪና፣ ከታች ባቡር ያስተላልፋል። መሐንዲሱ ማኦ ዪሸንግ በአሜሪካ ተምሮ ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው ነበር። ማዕበል በሚመላለስበትና ወለሉ ደለል በሆነ ወንዝ ላይ ድልድይ አይቆምም ለሚሉት ሁሉ መልሱን በሥራ ሰጠ። ባቡር ማለፍ የጀመረው መስከረም 26 ቀን 1937 ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን የጃፓን ጦር ሲቃረብ፣ ድልድዩ እንዲፈርስ ተደረገ፤ የማፍረሱን ዝግጅት ያገዘውም ራሱ ማኦ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ግን ጥገናውን የመራው እርሱ ነው። ወጣቶች ሆይ! የደከምንበት ሥራ በዓይናችን ፊት ቢፈርስ ስንቶቻችን እንደገና መሠረቱን እንጥላለን?

ዐስር ሲቃረብ ወደ ከተማው መሀል፣ ወደ ጥንታዊው የፎኒክስ መስጂድ ሄድን። መስጂዱ በ1281 ዓላኡዲን በተባለ የፋርስ ሰው እንደታደሰ ይነገራል። የመስገጃው አዳራሽ በሦስት የጡብ ጉልላቶች የተሸፈነ ሲሆን የእንጨት አግዳሚ የለውም። በግቢው በዐረብኛና በፋርስኛ የተጻፉ የጥንት የመቃብር ድንጋዮች ተጠብቀዋል። ኢብኑ በጡጣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ወደዚህች ከተማ መጥቶ ዑስማን ኢብኑ ዐፋን ከተባለ የግብፅ ነጋዴ ዘሮች ቤት እንዳረፈና፣ ያ ነጋዴ የጁሙዓ መስጂድ ሠርቶ ወቅፍ እንዳቆመለት በጉዞ መጽሐፉ ተርኳል።

ያ ነጋዴ ለሐር ንግድ መጥቶ ይሆናል፤ ስሙን ያስቀረለት ግን ወቅፉ ነው። በባዕድ አገር፣ የሌላ እምነት ተከታይ በሆነ ሕዝብ መካከል፣ እምነቱን ሳይደብቅና ጎረቤቱን ሳይነካ ኖሮ መልካም ሥራ ትቶ አለፈ። ዛሬ ልጆቻችን ለትምህርትም ለሥራም ወደ ሩቅ አገር ይሄዳሉ። ስንቃቸው ከሁለት አንዱ ብቻ እንዳይሆን እንጠንቀቅ፤ የሌላውን ታሪክ ለማየት የሚፈራ ልብ እውቀት ይጎድለዋል፤ ያየውን ሁሉ የሚከተል ልብም መሠረት ያጣል። ዐይናቸው ክፍት፣ ዲናቸው የጸና ይሁን። አላህ ከሚያዩት የሚማሩ፣ ከሄዱበትም መልካም ስም ትተው የሚመለሱ ያድርጋቸው፤ አሚን።