ስለ ራስ ማዞርና ስለ ቪታሚን እንክብል

በአርብ ገበያ ከተማ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስናገለግል ይኸው ዐሥራ ሰባት ዓመት ሆነን። ሥራችን ከማለዳ እስከ ማታ ከመዝገብ ቤት ተቀምጦ መጻፍ ነው። ፀሓይ የምናገኘው ለምሳ ስንወጣና ዓርብ ዓርብ ገበያውን ስናቋርጥ ብቻ ነው፤ ያውም ከጋይንት ብርድ የተነሣ ጋቢያችንን እስከ ጆሯችን ተከናንበን ነው።

ከአራት ዓመት በፊት አንድ ቀን ጧት ከመኝታችን ቀና ብንል ቤቱ ከነምሰሶው ዞረብን፤ ደቂቃም ሳይሞላ ተወን። ከዚያ ወዲህ ግን በአልጋ ላይ ስንገላበጥ፥ ከላይኛው መደርደሪያ መዝገብ ለማውረድ ስናንጋጥጥ፥ ይመላለስብን ጀመር። አንድ ቀንም በችሎት ፊት የወደቀ ወረቀት ለማንሣት ጐንበስ ብለን ቀና ስንል ተንገዳግደን ከባለጉዳዮች መካከል ወደቅን። ከዚያ በኋላ ጸሐፊው በጧት አረቄ ይጠጣል የሚል ወሬ በከተማው ተነዛ። በስቅለት ዕለትም ስግደቱን መፈጸም አቅቶን ግድግዳ ተደግፈን ዋልን፤ ይህም ከሐሜቱ ይልቅ አሳዘነን።

ባለቤታችን ወሬውን ሰምታ ዝም አላለችም፤ ደብረ ታቦር ከሐኪም ዘንድ ይዛን ሄደች። በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ስንደግም፥ ኋላም በሚስዮን ትምህርት ቤት ስንማር፥ ጆሮ ለመስማት ብቻ የተፈጠረ ይመስለን ነበረ። ሐኪሙ ግን የሰውነት ሚዛን የሚጠበቀው በውስጠኛው ጆሮ መሆኑን አስረዳን። በዚያም ከኖራ ድንጋይ ባሕርይ የሆኑ፥ ከአሸዋ የደቀቁ ቅንጣቶች አሉ። እነዚህ ከስፍራቸው ተላቅቀው ቀለበት ከሚመስሉት ሦስት ቦዮች ወደ አንዱ ሲገቡ፥ ራስ በተነቃነቀ ቁጥር በቦዩ ያለውን ውኃ እያናወጡ ያዞራሉ። ሐኪሙም ከአልጋ ላይ አስተኝቶ ራሳችንን ወደ ጐን መልሶ ከአልጋው ጫፍ ቍልቍል አዘነበለው፤ ቀጥሎም ወደ ሌላው ጐን አገላበጠን። ኤፕሊ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ያወጣው ብልሃት ነው። እንክብል ሳንውጥ በሩብ ሰዓት ዳንን።

ይሁን እንጂ በስድስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተመለሰብን። ደማችን ቢመረመር ቪታሚን ዲ በጣም ጐድሎ ተገኘ። ፀሓይ በሞላበት አገር እንዴት ይጐድላል ብለን እንደ ጠበቃ ተከራከርን። ሐኪሙም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. የታተመ፥ በአዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተደረገ ምርመራ ጠቀሰልን፤ የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት 210ሩ ሪኬትስ የሚባለው አጥንት የሚያጐብጥ በሽታ ነበረባቸው፤ ምች ካልያዛቸው 500 ግን 20 ብቻ። ሪኬትስም በቪታሚን ዲ ጕድለት የሚመጣ ነው። ፀሓይ ለተከናነበና በቤት ለዋለ ሰው ምን ታደርግለታለች?

ስለ ራስ ማዞሩም በኮሪያ አገር በስምንት ሆስፒታሎች 957 ሕሙማን የተካፈሉበት ምርመራ በ2020 ዓ.ም. እንዲሁ በአውሮፓ አቆጣጠር ታትሟል። ቪታሚኑ ለጐደላቸው 400 ዩኒት ቪታሚን ዲና 500 ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት በቀን ሁለት ጊዜ ለአንድ ዓመት ቢሰጣቸው፥ የበሽታው መመላለስ እንክብሉ ካልታዘዘለት ወገን ይልቅ በ24 ከመቶ ቀነሰ። ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። የኛም እንደዚሁ ሆነ፤ አምና አንድ ጊዜ ብቻ ቢመጣብን ባለቤታችን ሐኪሙ እንዳስተማራት ራሳችንን አገላብጣ መለሰችው።

እስከዚህ ድረስ መልካም ነበረ። እኛ ግን ባለ መድኃኒት ሆንን። አንድ አዛውንት አጎታችን ራሳቸው ለሰዓታት እየዞረ፥ አንድ ጆሯቸው እየጮኸና እየደነቈረ ተቸገሩ። ያው የኛው በሽታ ነው ብለን ከእንክብላችን እኩሌታውን ሰጠናቸው። እርሳቸውም የተማረ ሰው ቃል ነው ብለው አራት ወር ዋጡ፤ የደብረ ታቦሩንም መንገድ ተዉት። በመጨረሻ ከሐኪም ሲደርሱ፥ ፈረንሳዊው ሜኒዬር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1861 ዓ.ም. በጻፈለት በሌላ የውስጥ ጆሮ በሽታ መያዛቸው ታወቀ። ጨው እንዲቀንሱ ተነገራቸው፥ ሌላ መድኃኒትም ታዘዘላቸው፤ ያ ጆሮ ግን አይሰማም። ሐኪሙ ቀድመው ቢመጡም ጆሮውን ማዳን እርግጥ አልነበረም አለን። ደግሞም ይህ ቪታሚን ያለ ልክ ቢወሰድ በደም ውስጥ ካልሲየም አብዝቶ ኵላሊት እንደሚጐዳ ነግሮን ደነገጥን።

አጎታችን እስከ ዛሬ ስለ እንክብሉ አንድ ቃል አልተናገሩንም። ሊጠይቁን ሲመጡ ቀድመን ተነሥተን በሚሰማው ጆሯቸው በኩል እንቀመጣለን።