ጠረጴዛ መርጦ መቀመጥ

እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ብርዷ አይጣል ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲጠና ባለባጃጁም ባለሱቁም ሻይ ቤት ይገባና ካርታ ወይም ዳማ ይይዛል። ነገሩ የገባው ሰው ግን ዘሎ አይቀመጥም፤ መጀመሪያ ቆሞ ያያል።

ዳማው 64 ቤት፣ በወገን 12 ጠጠር ነው። ጠጠሩ የለስላሳና የቢራ ቆርኪ ሲሆን የአንዱ በፊቱ፣ የሌላው በጀርባው ይደረደራል። ከተጫዋቾቹ ይልቅ ተመልካቹ ይጮኻል (ምክር እዚህ በነፃ ነው)። «ጋሼ፣ እንዳይበሉት! ወጥመድ ነው!» ጋሼ ግን ይበላሉ፤ ባላጋራቸውም አንድ አብልቶ ሁለት ያነሳል። እንዲህ ያለውን ሰው መለየት ነው ቁም ነገሩ።

በካርታው በኩል፣ ፖከር ላይ ከማን ጋር እንደሚቀመጡ መምረጥ ከሚደርሰው ካርታ በላይ ይከብዳል። የፖከር ተጫዋች ገንዘብ የሚያገኘው ከአጫዋች ቤቱ ሳይሆን አብረውት ከተቀመጡት ነው። ቤቱ ደግሞ ከመደቡ ላይ ድርሻውን ይቆርጣል። ስለዚህ እኩያሞች ሌሊቱን ሙሉ ቢጫወቱ፣ ውሎ አድሮ ሁሉም ይከስራሉ። አትራፊ የሚሆነው ከእሱ የሚያንሱ ያሉበትን ጠረጴዛ ያገኘ ብቻ ነው።

ዳማ ላይ ሕጉ ይገለበጣል። መማር የፈለገ ሰው የሚበልጠውን ፈልጎ ፊት ለፊቱ ይቀመጥ፤ ቢሸነፍ የሻይ ሒሳብ ነው። መደቡ ብር የሆነ ለት ግን፣ ከተቀመጡት ውስጥ ደካማው ማን እንደሆነ ያልታየው እንግዳ ሻዩን ጠጥቶ ቢሄድ ይሻለዋል።