ስለ ሕፃን ልጅ እንቢታ

ወጣቶች አንባቢዎቼ ሆይ፤ ስለ ትዕግሥት የተጻፈ ድርሰት ሲያጋጥማችሁ ብዙውን ጊዜ የምታነቡት ስለ ጦር አለቃ፣ ስለ ዳኛ ወይም ስለ ገበሬ ትዕግሥት ነው። እኔ ግን የምነግራችሁ ስለ አንዲት የሻይ ማንኪያና ስለ አንዲት የሰባት ወር ልጅ ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ታይቷችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት እለምናችኋለሁ። ነገ ወላጅ ትሆናላችሁ፤ ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ገና ወላጅ ሳትሆኑ ታናሽ ወንድም ወይም ታናሽ እኅት ታቅፋችሁ «እስቲ ይህን ልጅ አብላው» ተብላችሁ ታውቃላችሁ። ሰው በሰው ላይ ያለው ሥልጣን የት ላይ እንደሚያበቃ የሚያስተምር፣ ከዚያች ማንኪያ የሚሻል መምህር እኔ አላየሁም።

ልጃችን ስድስት ወር እስኪሞላት ድረስ ከእናቷ ጡት በቀር ምንም አልቀመሰችም። ሐኪሞች የሚመክሩት ይህን ነው፤ ባለቤቴም ምክሩን የፈጸመችው በብዙ ድካም ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ የ90 ቀን ፈቃድ ይሰጣታል። ፈቃዱ ሲያልቅ ሕፃኑ ገና የሦስት ወር ልጅ ነው። የቀሩትን ሦስት ወራት ባለቤቴ ያሳለፈችው በሥራ ቦታዋ ሰው የማያይበት ጥግ እየፈለገች፣ የጡቷን ወተት በንጹሕ ዕቃ እያለበች፣ ማታ ይዛልን እየመጣች ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ የማስተምረውም በጧቱ ፈረቃ ነውና ልጅቱን የቀትር ምግብ ማብላት የእኔ ድርሻ ሆነ።

ስድስት ወር በሞላት ማግስት የገብስ ገንፎ አቀጠንሁና በማንኪያ ጫፍ አቀመስኋት። ፊቷን አጨማደደች፤ ምላሷም ገንፎውን ወደ ውጭ ገፍቶ በአገጯ ላይ አፈሰሰው። በሦስተኛው ቀን ማንኪያዋን ለይታ አወቀች፤ ገና ከሩቅ ስታያት ከንፈሯን ገጥማ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞር ጀመር። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ጨርቅ በአንገቷ ላይ ሳስር ታለቅስ ነበር። ድንቹም፣ ካሮቱም፣ ሙዙም፣ የእንቁላሉ አስኳልም ዕጣቸው አንድ ሆነ።

መቼም ይህን ሲያዩ ልጁ የከፋበት ወይም የጠገበበት ይመስላል። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ምላስን ወደ ውጭ መግፋት ሕፃን ይዞት የሚወለደው ጥበቃ ነው፤ ባዕድ ነገር ጉሮሮው ገብቶ እንዳያንቀው የተሰጠው ነው። ይህ ጠባይ ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ እየጠፋ ይሄዳል፤ በአንዳንዱ ልጅ ግን ይዘገያል። ደግሞም የጡት ወተት ጣፋጭ ነው። ከጣፋጭ በቀር ሌላ ሳያውቅ ለኖረ አፍ ገብስ እንግዳ አገር ነው። ለስድስት ወር የጠባች ልጅ መጥባት እንጂ ማላመጥ አታውቅም፤ ምላስን ወደ ኋላ አንሥቶ ጉርሻን ወደ ጉሮሮ ማድረስም እንደ መዳህና እንደ መቆም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

ታዲያ እስክትወድ ድረስ ለምን አንተዋትም? አስጨናቂው ነገር ይህ ነው። ሕፃን ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የሚወጣው የብረት ማዕድን ስድስት ወር ገደማ ሲሆን እየተመናመነ ይሄዳል፤ በጡት ወተት ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ ጥቂት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው ከስድስት እስከ ስምንት ወር ያለ ልጅ ከጡት ሌላ በቀን 200 ኪሎ ካሎሪ ያህል ከምግብ ማግኘት አለበት። ስለዚህ መብላቷ ግድ ነው፤ ማስገደድ ግን አይቻልም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ማንኪያ ይዤ ተቀመጥሁ።

በዚህ ጊዜ አማቴ ከላስታ መጡ። አንድ ቅል ቅቤ፣ አንድ ስልቻ የገብስ ዱቄትና ጥቂት ማር ይዘውልን ነበር። የልጅቱን ፊት ማዞር አንድ ቀን ብቻ ተመለከቱና በማግስቱ፣ «ልጄ፣ ሕፃን እስኪወድ ይጠበቃል እንዴ? አምጣት እኔ ልጋታት» አሉኝ።

መጋት ምን እንደ ሆነ የከተማ ልጆች ላታውቁት ትችላላችሁ። ሕፃኑን በጭን ላይ በጀርባው ያስተኙታል፤ መዳፍን እንደ ጽዋ አጉብጠው ከከንፈሩ ላይ ይገጥሙታል፤ ሙቁን ወይም አጥሚቱን በመዳፉ ውስጥ ያንቆረቁሩታል። አፍንጫውም አብሮ ስለሚሸፈን ሕፃኑ ሊተነፍስ አፉን ሲከፍት የፈሰሰው ሁሉ ይገባል። በዚህ አኳኋን ያደጉ ብዙዎች ናቸው፤ ያላደጉም አሉ። ለመተንፈስ የተከፈተ ጉሮሮ ሙቁን ከሆድ ይልቅ ወደ ሳንባ ሊሰደው ይችላልና የሳንባ ምች ያመጣል፤ ቅቤ ያለበት ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይህን እንኳ አልፈቅድም» አልኋቸው። አማትን እንቢ ማለት በአገራችን ቀላል ነገር አይደለም። ማሩንም በገንፎው ላይ ጣል ላድርግበት ሲሉ፣ ዓመት ሳይሞላት ማር እንደማይሰጣት፣ በማር ውስጥ አልፎ አልፎ የሚገኝ ተሕዋስ ለሕፃን መርዝ እንደሚሆን ነገርኋቸው። ሁለት ቀን ሙሉ ከሰላምታ በቀር አላነጋገሩኝም።

በሦስተኛው ቀን ቡና እየቆሉ፣ ፊታቸውን ወደ ምጣዱ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦ «በሰባ ሰባት ወንድ ልጅ ነበረኝ። ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ነበር። ተሸክሜው ኮረም መጠለያው ደረስን፤ ወተትም ሰጡን። የምሰጠው ነገር አጥቼ ስሰነብት አለቀሰ፤ ወተቱ ሲመጣ ግን አፉን ገጠመ። ደክሞት ነው፣ ይረፍ ብዬ ተውሁት።» ቡናውን አመሱት። «አፉን የገጠመ ልጅ ሳይ እሱ ነው የሚታየኝ።»

ወጣቶች ሆይ፤ በዕድሜ የገፋ ሰው አንድን ነገር አጥብቆ ሲይዝ ድንቁርና ነው ብላችሁ ለመፍረድ አትቸኩሉ። የ1977 ዓ.ም. ረኀብ በብዙ እናቶች እጅ ላይ የተወው ፍርሃት ዛሬም በልጅ ልጆቻቸው ማዕድ አጠገብ ተቀምጧል። የሐኪሞቹን ቃል በምችለው መጠን ነገርኋቸው። ረኀብ እጅግ ሲጸና የምግብ ፍላጎትን ራሱን ይገድላል። እንዲህ ያለ ሕፃን አልበላም የሚለው በምርጫው ሳይሆን ሰውነቱ ስለ ተሸነፈ ነው። ዛሬ በሐኪም ቤት የተለየ ወተት በጥቂት በጥቂቱ፣ ሌሊትም ሳይቀር በየጥቂት ሰዓቱ ይሰጠዋል፤ መጠጣት ካቃተው ባለሙያ በአፍንጫው በቀጭን ቱቦ ያደርስለታል። በእናት መዳፍ የሚመለስ ነገር አልነበረም። አማቴ ይህን ዝም ብለው ሰሙኝ፤ ከዚያም ቡናውን ሊወቅጡ ተነሡ።

በማግስቱ «እንግዲያው ያቺም በሽታ ቢሆንስ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው የሚናቅ አልነበረም። ተያይዘን ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ ልጅቱን መዘነቻት፤ በስድስት ወሯ 7 ኪሎ የነበረችው አሁን 7 ኪሎ ከ100 ግራም ሆናለች። መሥመሩ ቀስ ብሏል፤ ግን አልወረደም። ከዚያም ነርሷ «ጡትስ ትጠባለች ወይ?» ብላ ጠየቀች። ትጠባለች፤ ትስቃለችም፤ ጨርቋንም ደጋግማ ታረጥባለች። ነርሷ እንደ ነገረችን፣ ጡትንም እንቢ ያለ፣ የሚያተኩሰው፣ የሚያስመልሰው፣ ክብደቱ የቀነሰ፣ ዓይኑ የጎደጎደ፣ ወይም በዋጠ ቁጥር የሚያንቀው ልጅ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ሊያየው ይገባል። የእኛዋ እንቢታ ግን የጤነኛ ልጅ እንቢታ ነበረ። እነዚህን ሁለቱን እንቢታዎች ለይቶ ማወቅ ከማብሰሉም ከማጉረሱም ይበልጣል።

ለዚህ ነገር ማስረጃ የሚሆን አንድ ታሪክ አለ። ክላራ ዴቪስ የምትባል አሜሪካዊት የሕፃናት ሐኪም በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1928 ጀምሮ ያሳተመችው ጥናት ነው። ከጡት የተላቀቁ፣ ዕድሜያቸው ከስድስት እስከ አሥራ አንድ ወር የሆነ 15 ሕፃናት ወስዳ፣ ከ34 ዓይነት ምግቦች በየማዕዱ የተለያዩትን በሰሐን አስቀረበችላቸው። ሞግዚቶቹ ማንኪያ ይዘው ዝም ብለው እንዲቀመጡ ታዘዙ፤ ሕፃኑ እጁን ካልዘረጋ ወይም ካላመለከተ በቀር ማጉረስ፣ ማባበል፣ «ይህ ይጣፍጣል» ማለትም የተከለከለ ነበር። ሕፃናቱ አንዱን ቀን አንዱን ብቻ፣ ሌላውን ቀን ሌላውን ብቻ እየበሉ፣ አንዳቸውም እንደ ሌላው ሳይበሉ፣ ሁሉም ደኅና ሆነው አደጉ። ታሪኩን የሚያወሩ ሰዎች ግን አንዱን ነገር ይዘነጉታል፤ ዴቪስ ካቀረበቻቸው ምግቦች መካከል ስኳርም ብስኩትም አልነበረም። ምን እንደሚቀርብ የወሰነች እሷ ናት፤ ከቀረበው ምን ያህል እንደሚበሉ የወሰኑት እነሱ ናቸው። ይህን የምለው፣ ገንፎ እንቢ ያለ ልጅን በብስኩትና በጣፋጭ ጭማቂ የሚያባብሉ፣ ወይም ስልክ እያሳዩ ሳያውቀው የሚያጎርሱ ቤቶች ዛሬ ስለ በዙ ነው። የመጀመሪያው የወላጅን ሥራ ለልጁ መተው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ድምፁ የማይሰማ መጋት ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ማወቅ ይገባን ነበር፤ ጉርሻ የእኛ ነውና። ጉርሻ የፍቅር ምልክት የሚሆነው ተቀባዩ አፉን ስለሚከፍት ነው። ዳሩ ግን «በሞቴ» እያልን የጠገበ እንግዳ እናስጨንቃለን። በልጅነቴ ከዘመድ ቤት ስወጣ ሆዴን ይዤ የሄድሁበትን ቀን ብዛት አላስታውሰውም።

ወደ ልጅቱ ልመለስ። አማቴ ነገሩን አንድ ጊዜ ከተቀበሉት በኋላ ከእኔ የተሻሉ ሠራተኛ ሆኑ። እኔ ገንፎውን እንድትውጠው ብዬ አቀጥነው ነበርና ከማንኪያው ላይ ይፈስሳል፤ ነርሷም ከማንኪያ የማይፈስ ወፍራም እንዲሆን አዝዛ ነበር፤ የቀጠነ ሙቅ ትንሿን ሆድ በውኃ ይሞላዋልና። ወፍራሙ ደግሞ እንደ ሙጫ እየያዘ አስቸገረን። አማቴ የዕድሜ ልክ ጠላ ጠማቂ ናቸው። ከብቅል ዱቄት አንድ ቆንጥር ወስደው ለብ ባለው ወፍራም ገንፎ ላይ ነስንሰው ሲያማስሉት፣ ገንፎው ዱቄቱ ሳይቀነስ ለስለስ አለ፤ ጥቂትም ጣፈጠ። ከዚያ መልሰው አንተከተኩት። የበቀለ እህል ስታርችን እንደሚፈታ መጽሐፍ ይነግረናል፤ እሳቸው ግን ከጋን ተምረውታል።

ወራቱ ዐቢይ ጾም ነበረ። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ የጾም ግዴታ እንደሌለበት ሁላችንም እናውቃለን፤ ቢሆንም የጾመኛን ድስት እንዳይነካ እየተባለ በብዙ ቤት እንቁላሉና ወተቱ ለሕፃኑም ይቀርበታል። አማቴ አንድ ቀን ብቻቸውን ገበያ ወጥተው አንዲት የምታክል የምታክል ትንሽ ድስትና አንዲት ማማሰያ ገዝተው ተመለሱ፤ «ይቺ የእሷ ናት፤ ማንም አይንካት» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ሥራችን ማቅረብና መጠበቅ ሆነ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በኋላም ሦስት ጊዜ፣ እኛ ስንበላ አብራን ከመሶቡ አጠገብ ትቀመጣለች። ማንኪያዋ ከከንፈሯ ፊት ትቆማለች፤ ከከፈተች ትገባለች፤ ፊቷን ካዞረች ሳንቆጣ እናነሣለን። ሕፃን አንድን ምግብ እስኪለምድ ድረስ ከስምንት እስከ አሥራ አምስት ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል፤ አብዛኛው ወላጅ ግን በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ላይ «አይወድም» ብሎ ይተወዋል። እኔ የአስተማሪ ልማድ ሆኖብኝ በደብተር እጽፍ ነበር። ድንችን በአሥራ አንደኛው ዋጠች። ካሮትን በዘጠነኛው። ገንፎውን በስንተኛው እንደ ሆነ ደብተሩ አያሳይም፤ የዋጠችው እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ከአያቷ መዳፍ ላይ በገዛ እጇ ዘግና ነውና። አማቴ ያንን ቀን ሲተርኩ መዳፋቸውን ዘርግተው ያሳያሉ፤ «እኔ ምንም አላደረግሁም፤ ዝም ብዬ ያዝሁላት» ይላሉ።

በዘጠነኛ ወሯ 7 ኪሎ ከ900 ግራም መዘነች። አማቴም ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ከመከር በኋላ ግን ገብስ ይዘው መምጣታቸው አይቀርም። ልጅቱ ዛሬ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል። የእንቁላል አስኳል አሁንም አትወድም። ነጩን ትበላና አስኳሉን በጣቷ ይዛ ወደ አያቷ ትሄዳለች፤ አማቴም ጾም ካልሆነ በቀር አፋቸውን ይከፍታሉ።